ለእንሽላሊት የተበጠበጠ ተልባ

በቤታችን ፍሪጅ በር ላይ ከወር በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎብኝ ነበር። በጀርመንኛ የተጻፈ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በአማርኛ ሲነበብ «አያቴ ከእንሽላሊቱ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን» ይላል። ሲለጠፍ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እንሽላሊቱንም ሐኪም ገና አላየውም ነበር። ሌባ እንኳ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ቃሉን ይሰጣል። እኔ ግን ቃሌን ሳልሰጥ ተፈረደብኝና ፍርዴ ጎረቤት ሁሉ ውኃ ሊጠጣ ሲገባ በሚያየው ቦታ ተሰቀለ። ይህ በደል ይመዝገብልኝ። የሚመዘግብልኝ ሰው ስለሌለ ራሴ እመዘግበዋለሁ።

አላጠፋሁም አልልም። አጥፍቻለሁ፤ ስደርስበት አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ። የተፈረደብኝ ግን ባጠፋሁት አይደለም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፍራንክፈርት ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ኦስትኤንድ ያሉትን ቢሮዎች ሳጸዳ ኖርኩ። ጀርመንኛዬም የሥራዬ ጀርመንኛ ነው፤ ባልዲ፣ ቁልፍ፣ ፎቅ፣ ይቅርታ። አሁን ፌኸንሃይም ውስጥ ከልጄና ከልጄ ልጅ ጋር እኖራለሁ። ልጄ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ አንድ ቀን ጠዋት ትገባለች፣ አንድ ቀን ከሰዓት። የልጅ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አራተኛው ነዋሪ ባለጢሙ ናቸው።

ባለጢሙ የክንዴን ያህል ርዝመት ያላቸው እንሽላሊት ናቸው። አገጫቸው ሥር እሾህ የመሰለ ጢም አላቸው፤ ጀርመኖችም ዘራቸውን የሚጠሩት በጢማቸው ነው። የልጅ ልጄ ከአራት ዓመት በፊት በመስተዋት ቤታቸው ይዛቸው ስትመጣ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም፤ ሁለታችንም ቀረን። የመጀመሪያውን ዓመት በአጠገባቸው ሳልፍ መጥረጊያ ከእጄ አይለይም ነበር። በኋላ ግን እኔ ቴሌቪዥን ሳይ እሳቸው እኔን ሲያዩኝ፣ ረጋ ብለው፣ ጢማቸውን አንዠርግገው፣ የሰፈር ሽማግሌ መሰሉኝ። ሳላስበው አንቱ ማለት ጀመርኩ። የልጅ ልጄ እኔን «ኦማ»፣ በጀርመንኛ አያቴ፣ እያለች አንቺ ትለኛለች፣ እኔ የእሷን እንሽላሊት አንቱ እላለሁ። ልጄ በዚህ ስትስቅ፣

«ጢም ላለው አንቱ ነው። እኔም ጢም ባበቅል ታከብሩኝ ነበር» አልኳት።

እኚህ ሰው ክረምቱን ይተኛሉ። ኅዳር ላይ መብላት ያቆማሉ፣ ሆዳቸው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መብራታቸው በየቀኑ እየተቀነሰ ይጠፋል፣ ከዚያ ማሞቂያ በሌለው ጓዳ ውስጥ ሁለት ወር ከምናምን ይተኛሉ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሞተው መስሎኝ ነፍስ ይማር ብዬ የጫማ ካርቶን ስፈልግ የልጅ ልጄ ደርሳ ጮኸችብኝ።

«ኦማ! ተኝቶ ነው!»

«ሁለት ወር?»

«ሁለት ወር!»

«እኔ ለዚህ ዓይነት ጡረታ ስንት ፎርም ሞላሁ!» አልኩ።

መተኛቱስ ቀላል ነው፤ ጣጣው መንቃቱ ላይ ነው። ዘንድሮ የሚነቁበት ሳምንት የልጅ ልጄ ከክፍሏ ልጆች ጋር በረዶ ላይ ልትንሸራተት ከምትሄድበት ሳምንት ጋር ገጠመ። ልጄ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ እኔ ላይ ወደቀ። የልጅ ልጄ በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ ጀርመንኛው ሲያስቸግረኝ እንዲያግዘኝ ሥዕል ሥላበት አንድ ገጽ መመሪያ ሰጠችኝ። ከዚያም እንደ ዳዊት በቃሌ አስጠናችኝ።

«መጀመሪያ ምንድን ነው?»

«ብርሃን። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጨመር።»

«ከዚያስ?»

«ሙቀት። ከዚያ ውኃ። ምግብ መጨረሻ።»

«ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ይሞታል ኦማ። አልቀለድኩም።» አፍንጫዋ ቀላ። «አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።»

መጀመሪያ የምታየው እኔን ይመስለኝ ነበር። እሱን ግን ዋጥ አድርጌ «በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። ይህችን ቃል አስታውሱልኝ፤ በኋላ አንገቴን ታንቀኛለች።

የመጀመሪያውን ቀን መብራቱን አበራሁና እጄን ከሥሩ አስገባሁ። ያበራል፣ አይሞቅም። ልክ የጥር ፀሐይ። ልጄ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣

«ይሄ አምፖል አይሞቅም» አልኳት።

«ቀስ በቀስ ነው እማዬ። ወረቀቱን ተከተይ።»

«እጄን አላሞቀውም እኮ።»

«ያንቺን እጅ ምን ያሞቀዋል? በሐምሌም በረዶ ነው።»

እውነቷን ነው፣ እጄ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ነገሩን ተውኩት። መስተዋቱ ላይ ሳንቲም የምታክል የሙቀት መለኪያ ተለጥፋ ነበር፤ መነጽሬን አምጥቼ ባያት ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ። መነጽሬ ግን ማዶ ክፍል ነበር፣ እኔ ደግሞ እጄ ከመለኪያ ይበልጣል የምል ሴት ነኝ። በዚህ አገር እጄ ሞቀ በረደ ቢል ማንም አይሰማም፤ ቁጥር ሲጠሩለት ነው ሰው የሚነሳው። ይህ አንደኛው ጥፋቴ ነው።

በሁለተኛው ቀን ባለጢሙ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «እንኳን ለብርሃኑ አበቃዎ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን በወረቀቱ መሠረት ለብ ያለ ውኃ በሳህን አድርጌ፣ ለሕፃን እንደማደርገው በክርኔ ለክቼ፣ አስገባኋቸው። ጥቂት ጠጡ። ወረቀቱን ስከተል እንዲህ ነበር የሆንኩት፣ ጭምት።

በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ አንድ ፌንጣ ተሥሏል፤ «አንድ ብቻ» ይላል። ፌንጦቹ ሳጥን ውስጥ በሕይወት አሉ፤ መታጠቢያ ቤት ሆነው ሲንጫጩ ይውላሉ። እንግዲህ ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔ ራሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ሳጥኑን ይዤ ቆሜ አሰብኩት። እኚህ ሰው ሁለት ወር ከምናምን እህል አልቀመሱም። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው እንኳ ሲፈታ ዘሎ ሥጋ ላይ አይወጣም፤ መጀመሪያ ተልባ ጠጥቶ የደረቀ አንጀቱን ያለሰልሳል። እናቴም አያቴም እንዲህ አድርገዋል። ይህን የማታውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጻፈችው ወረቀት ምክንያት የእኚህን ሽማግሌ ሆድ በሥጋ ልቅደደው? ፍትሕ ነው?

ተልባውን ቆልቼ ወቀጥኩት፣ ለብ ባለ ውኃ በጠበጥኩት፣ በነጠላ ጫፍ አጠለልኩት። ስኳር አልጨመርኩም፤ ለዕድሜያቸው አይሆንም ብዬ። በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጠብታውን አፍንጫቸው ላይ አስነካሁ። ምላሳቸው ወጣ። ላሱት! ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ጀርመን አገር ስንት ዓመት ስኖር ያገሬን መድኃኒት ያለ ክርክር የተቀበለኝ የመጀመሪያው ፍጡር እሳቸው ናቸው። እስከ ማታ ሦስት ጊዜ ሰጠኋቸው። የፌንጣውን ሳጥን መልሼ ከደንኩት።

በማግስቱ ስነሳ ጢማቸው ጠቁሯል። ግራጫ የነበረው ከሰል ሆኗል። እኔ በዕድሜዬ ጢሙ ሲነጣ ያየሁት ብዙ ነው፤ ቀለም ሳይቀባ ሲጠቁር ያየሁት ግን አንድም የለም። ጉልበታቸው ተመለሰ አልኩ። ወጣትነት በተልባ ተመለሰ። ጊዜ አላጠፋሁም፤ ወደ በረዶው ተራራ ደወልኩ።

«እልል በይ!»

«ምን ሆንሽ ኦማ?»

«ጢማቸው ጠቆረ! ጎረመሱ!»

ከኋላዋ ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል።

«ጥቁር? ጥቁር ጥቁር?»

«እንደ ሙሽራ! ተልባው እኮ ነው!»

«ተልባ ምንድን ነው?»

ከሱቅ ስገዛው ከረጢቱ ላይ ያለውን የጀርመንኛ ስም ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ አልሰማሁም፤ «ናይን፣ ናይን» የሚለው ብቻ ገባኝ። ጩኸቷ አልቆ ለቅሶ ሲሆን ነው አማርኛው የመጣላት።

«ጥቁር ጢም ማለት ታሟል ማለት ነው ኦማ። ሊሞት ይችላል።»

ስልኩ ተዘጋ። ባለጢሙን ዞሬ አየኋቸው። ሙሽራው ጠፍተው ብርድ የመታው ሽማግሌ ብቻ ታየኝ።

ልጅቷ እናቷን ደውላ ቀስቅሳ ኖሯል። ልጄ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች፣ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ልጇ የምትላትን ጻፈች፣ ሁለት ጊዜ አሰመረች፣ ለጠፈች።

«መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ» አልኩ።

«ለጊዜው ነው እማዬ። ተልባ! ለእንሽላሊት! ቴርሚን እስካገኝለት ድረስ በቃ አትንኪው።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። እንግዲህ ፍረዱ። ወረቀቱ እኔ ከእሳቸው ጋር ብቻዬን እንዳልሆን ይላል። ጻፊዋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እኔንና እሳቸውን ብቻችንን ትታ በሩን ዘግታ ሄደች።

ቁጭ ብዬ ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ልጠብቅ? ያን አምፖል ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ቢሮ ሳጸዳ የተማርኩት ነገር ቢኖር ዕቃ ተሰበረ ሲሉህ ስባሪውን ይዘህ መሄድ ነው። ከዚያ መጥረጊያ ይዤ የማልፋቸውን ባለጢሙን አንስቼ ደረቴ ላይ አስተኛኋቸው፣ በነጠላ ጠመጠምኳቸው፣ ካፖርቴን ቆለፍኩ። ቀዝቃዛ ነበሩ። ጥፍራቸው ሹራቤን ያዘ። ፈርቻለሁ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ትራም ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ደረቴን አይታ ፈገግ አለች። «ሕፃን?»

«ናይን» አልኳት፣ «ኦፓ።» ሕፃን ሳይሆን ወንድ አያት ማለቴ ነው።

ጭራቸው በካፖርቴ ሥር ብቅ ማለቷን ያወቅሁት ሴትዮዋ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው።

የእሳቸውን ዓይነት የሚያክም ሐኪም ቤት ኖርድኤንድ ነበር፤ ልጅቷን አንድ ጊዜ ስለሸኘኋት አውቀዋለሁ። መቀበያው ላይ ያለው ሰውዬ «ቴርሚን አለዎት?» አለኝ።

«በሽታው ቀጠሮ አልያዘልንም» አልኩ፤ እንዲያ ለማለት ሞከርኩ እንጂ ምን እንዳልኩ እንጃ። ከዚያ ካፖርቴን ከፈትኩለት። ጢማቸው ተናገረልኝ። አስገቡን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ አፋቸውን ከፍታ አየች፣ መብራቱ ሥር ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቁጥር የለኝም። አምፖሉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና አንገቷን ነቀነቀች። ይህ የሳሎን አምፖል ነው፣ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ እንስሳው በብርሃኑ ነቅቶ በብርዱ ውስጥ ቀርቷል፣ የጠቆረውም ከብርዱና ከጭንቀቱ ነው አለች። ቀስ ብላ፣ በእጇም እያሳየች ስለነገረችኝ ሁሉንም ሰማሁ።

«ምን በላ?» አለችኝ።

ተልባውን ከመቆላቱ ጀምሬ ተናዘዝኩ። መሳቅ ጀምራ መሳቋን ተወችው። በራሱ ምላስ የላሰው ጠብታ አልጎዳውም፣ አልጠቀመውምም አለች። ግን የቀዘቀዘ እንስሳ አፍ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳላስጠጋ፣ ወደ ሳምባ ቢገባ እንደሚገድል ነገረችኝ። ይህ ሁለተኛውና ትልቁ ጥፋቴ ነው።

«ፌንጣስ?»

«አልሰጠሁም።»

ቀና አለች። «በጣም ጥሩ። እንዲህ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ ምግቡ ይበሰብስ ነበር። እዚህ አይደርስም ነበር። ለምን አልሰጡትም?»

ስለ ሁዳዴ፣ ስለ አያቴ፣ ስለ ጾም አፈታት ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ለዚያ የሚሆን ጀርመንኛ የለኝም። ያለኝ አንዲት ቃል ነበረች፣ እሷኑ አወጣሁ፤

«ፈራሁት።»

ጀርመንኛዬ ሲያጥር እውነቱ ወጣ። ፌንጣ እፈራለሁ። ሳጥኑ ውስጥ እጄን ከምሰድ ጾም ብገባ ይሻለኛል። ሳጥኑን መልሼ ስከድን ጾሙ አንድ እጅ፣ ፍርሃቱ ሦስት እጅ ነበር።

በመልሳችን ትክክለኛውን አምፖል ገዛሁ። እንዳበራሁት እጄን ሳልሰድ ፊቴ ሞቀኝ። መነጽሬን አምጥቼ ከመለኪያዋ አጠገብ አሰርኩት። በሁለት ቀን ጢማቸው መለስ አለ፣ ከዚያ ሆዳቸው ሠራ። ከዚያ በኋላ የፌንጣውን ሳጥን ልጄ ከፈተች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ብሉ» አልኳቸው።

ልጄ የድሮውን አምፖል ጥር ላይ አቧራ ስትጠርግ ሰብራው፣ አንገቱ ልክ የሆነውን ገዝታ ተክታ፣ ረስታው ነበር። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራት «ወይኔ» ብላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ጉልበቴንም ሳመች። ወረቀቱን ግን አላነሳችውም።

«የእሷ ነው እማዬ። ትምጣና ታንሳው።»

መጣች። ባለጢሙን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔንም አቀፈችኝ። ፍሪጁን ከፍታ ጭማቂ ቀዳች፣ ዘጋችው። ወረቀቱ እዚያው።

«ይሄስ?» አልኳት።

«የተልባው ነገር አለ እኮ ኦማ» አለች።

ራሴ ልቅደደው? የለጠፈ ያንሳው። እንዲያውም ፍሪጁን ዳግመኛ ላልከፍት በልቤ ማልኩ። ምስር ወጤን፣ ጎመኔን፣ ሁሉን በረንዳ ላይ አኖርኩ። መጋቢት ቀዝቃዛ ስለነበር ተቃውሞዬ ጥሩ ሄደ። ችግሩ ተቃውሞ መሆኑን ማንም አላወቀልኝም፤ ልጄ ንጹሕ አየር ወደድሽ አለችኝ። ሚያዝያ ገባና ፀሐይ ወጣች። ወጡ ሆመጠጠ፣ እኔም ለእልኬ ስል በላሁት፣ ሆዴ ሁለት ቀን ታወከ። የቤቱ በሽተኛ ተራ በተራ ሆነ።

የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ ረፋዱ ላይ ወጥ ቤት ተቀምጬ ተልባዬን በጠበጥኩ። ባለጢሙ በልጅቷ ትከሻ ላይ ሆነው ገቡ። ብርጭቆውን አየችው።

«ይሄ ያ ነው?»

«ያው ነው።»

«አንቺም ትጠጪዋለሽ?»

«ጾም ስፈታ ሁልጊዜ። አንጀት ተዘግቶ ከርሞ በአንዴ ሥጋ ሲወርድበት ያማል። እናቴም ትሰጠኝ ነበር።»

ቆመች። በጣቷ የባለጢሙን ራስ ትደባብሳለች።

«እሱ የጾመ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ምን ይባላል? ሁለት ወር ከምናምን!»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «ለራስሽ የምታደርጊውን ነው ያደረግሽለት» አለች በጀርመንኛ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ጊዜው አሁን ነው አልኩ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«እንግዲህ ፍረጂ። የታመሙት በእኔ ነው?»

አፏን ስትከፍት እጄን አነሳሁ፤ ፍርድ ከተጠየቀ ማስረጃው ሙሉ መሆን አለበት፣ በራሴ ላይ ያለውም ጭምር።

«ቆይ፣ ሳትፈርጂ አንድ ነገር አለ። ጥቁር ጢም ክፉ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አልደውልልሽም ነበር። በእኔ ይሁንብሽ ብዬሻለሁ። አፍሬ እደብቅሽ ነበር። ራሴው አድናለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ተልባ እግታቸው ነበር። የደወልኩት ባለማወቄ ነው።»

አየችኝ። ባለጢሙም አዩኝ። ከዚያ ወደ ፍሪጁ ሄዳ ወረቀቱን አነሳች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ያሳመመው አምፖሉ ነው ኦማ» አለች። «ከርሞም አንቺ ቀስቅሺው። ብቻ የሆነ ነገር በጣም ደስ ካለሽ፣ ቶሎ ደውዪልኝ።»